ከቤት የተቀዳ ድምፅ

አማርኛ ድምፅን በመሣሪያ የማስቀረትን ሥራ ሲሰይም ባዕድ ቃል አልተበደረም። ከምንጭ ዳርና ከጠጅ ጋን አጠገብ ሲያገለግል የኖረውን አሮጌ ግሥ አንሥቶ ሰጠው፤ ‹‹ቀዳ›› አለ። ውሃ ይቀዳል፤ ጠጅ ይቀዳል፤ የብራና መጽሐፍ ከብራና መጽሐፍ ይቀዳል፤ ዘመን ሲለወጥ ደግሞ ድምፅ ተቀዳ። ቃሉ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም። ውሃ የሚቀዳ ሰው ምንጩን አይፈጥርም፤ ከሚፈሰው ላይ በእንስራው ልክ ይወስዳል እንጂ። የቀረው ይፈስሳል፤ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ተቀዳ ድምፅ ታሪክ ሊጽፍ የተነሣ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። ምንጩ የት ነበር? እንስራውስ በማን እጅ ነበር?

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በአብዛኛው የተተረከው ከመድረክ ተነሥቶ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም የየሆቴሉ ባንዶች በየተራቸው ይነሣሉ። ይህ ትልቅ ታሪክ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የመድረክ ታሪክ የመንግሥትና የገበያ ታሪክ ነው። ደመወዝ የተቆረጠለት፣ ዩኒፎርም የተሰፋለት፣ ቲኬት የተቆረጠበት ሙዚቃ ብቻ በውስጡ ቦታ አለው። በየቤቱ መስኮቱን ዘግቶ፣ ለራሱ፣ ለቤተሰቡና ለአምላኩ ሲጫወት የኖረውስ ሰው?

ይህን ሰው ‹‹አማተር›› እንለዋለን። ቃሉ ዛሬ ‹‹ገና ያልበሰለ›› የሚል ንቀት ተጭኖታል። ሥሩ ግን ‹‹ወደደ›› ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ አማተር ማለት በጥሬ ፍቺው ‹‹አፍቃሪ›› ማለት ነው። ይህች አጭር መጣጥፍ የእነዚያ አፍቃሪዎችና የሣጥናቸው ታሪክ ናት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

* * *

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍን ሲሠራ መሣሪያው ሁለት ችሎታ ነበረው፤ ይሰማል፣ ያሰማል። ሰው በቀንዱ ፊት ቆሞ ሲናገር ወይም ሲዘፍን መርፌዋ የድምፁን ንዝረት መጀመሪያ በቆርቆሮ ልባስ ላይ፣ ኋላም በሰም ሲሊንደር ላይ ትጭረዋለች። መርፌ ተመልሳ በዚያው ፈለግ ስትሄድ ደግሞ የተጫረው ድምፅ ይወጣል። ስቱዲዮ፣ መሐንዲስ፣ የንግድ ፈቃድ አያሻም ነበር። ቀንዱ ፊት የቆመ ሁሉ እኩል ነበር።

ወደ አገራችን የመጣውም በዚሁ መልክ ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ የሚላክ መልእክት በገዛ ድምፃቸው በሲሊንደር ቀዱ። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አዝዘው ነበርና እንደ ትእዛዛቸው ጠፋ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 የመልስ ቃላቸውን በተመሳሳይ መሣሪያ ቀድተው ላኩ። የእነርሱ ግን ከጥፋት ተርፎ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክምችት ውስጥ ይገኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረው የሰሙ ጭረትና ሹክሹክታ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎም የእቴጌይቱ።

ይህ ሙዚቃ አይደለም፤ የሰላምታና የወዳጅነት ቃል ነው። ለታሪካችን ግን ጥሩ መነሻ ይሆነናል። እኒያ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ለመሸጥ አልቆሙም። በቀንዱ ፊት ማንም ባለሙያ ባልነበረበት ዘመን፣ ዘውድ የደፋውም ሰው አማተር ነበር። ደግሞም ከሁለቱ ድምፆች አንዱ የጠፋው በአደጋ ሳይሆን በትእዛዝ መሆኑን እንያዝ። የተቀዳ ሁሉ አይቀመጥም። ድምፅን የሚያተርፈው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ከመሣሪያው በኋላ ያለው እጅ ነው።

* * *

ከፎኖግራፍ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ኤሚል በርሊነር የተባለ በጀርመን የተወለደ ፈልሳፊ ጠፍጣፋውን ዲስክና ግራሞፎንን አቀረበ። እኛ ሸክላ ያልነው ይህንኑ ነው፤ ስሙም ተስማማው፣ ሲወድቅ ይሰበር ነበርና። ሸክላ ከሲሊንደር የሚበልጥበት ትልቅ ጥቅም ነበረው። ከአንድ እናት ቅርጽ በሺህ የሚቆጠር ግልባጭ እየታተመ ይወጣል። ነገር ግን ይህ ጥቅም በዋጋ የተገኘ ነው። በቤት ያለው ግራሞፎን ያሰማል እንጂ አይሰማም። ቀንዱ አፍ ሆኖ ቀረ፤ ጆሮነቱን ተነጠቀ። መቅዳት የፋብሪካ ሥራ ሆነ፤ ቤት ደግሞ መቀበያ ሆነ።

የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላ ያስቀረጹት ሰውም ወደ ፋብሪካው አገር መሄድ ነበረባቸው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1908 የአውቶሞቢል ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ በርሊን ላይ ድምፃቸውን ለሸክላ ሰጡ። ተሰማ አዝማሪ አልነበሩም፤ እንጀራቸውም ዘፈን አልነበረም። በቅኔያቸውና ድንገት በሚያፈልቁት ግጥም የታወቁ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። የስማቸው ዝና በስፖርቱ ዓለም የቀጠለው የይድነቃቸው ተሰማ አባትም ናቸው። እንግዲህ የአገራችን የሸክላ ታሪክ ገና ከመጀመሪያው ገጹ የተጻፈው ለፍቅሩ በሚዘፍን ሰው ድምፅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሸክላ ዘመን አፍቃሪውን ምን ያህል እንዳራቀው ለመረዳት ወደ ሌላ አገር አንድ እርምጃ እንሂድ። በ1958 እንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ፣ አምስት ወጣቶች ፐርሲ ፊሊፕስ የተባለ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ወዳዘጋጃት ጠባብ የመቅረጫ ክፍል ገቡ። 17 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ከፍለው ሁለት ዘፈን ያለባት አንዲት ሸክላ አስቀረጹ። ለአምስቱ የነበረቻቸው አንዲት ቅጂ ብቻ ናትና በየተራ እየተቀባበሉ ወደየቤታቸው ይወስዷት ነበር። በመጨረሻ ፒያኖ በተጫወተው ልጅ ቤት ቀረች። ከአምስቱ አንዱ ፖል ማካርትኒ ይባል ነበር፤ በ1981 ያችኑ ሸክላ ከቀድሞ ጓደኛው ገዛት። ሌሎቹ ሁለቱ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን ነበሩ። የኋላ ዝናቸውን ለጊዜው እንተወው። ለእኛ የሚበጀን ያቺ አንዲት ሸክላ ናት። ያልታወቀ ሰው የገዛ ድምፁን ለመስማት ገንዘብ ከፍሎ፣ ያገኘውንም እንደ እድርተኛ በተራ ይካፈል ነበር።

በእኛ ዘንድ በሩ ከዚያም የጠበበ ነበር። በ1948 ሸክላ ከውጭ የማስመጣቱም የማሳተሙም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ስንትና ስንት ድምፅ እየፈሰሰ፣ እንስራው ግን አንድ ብቻ ሆነ። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን ደንብ ጥሰው የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም እስኪጀምሩ ድረስ እንዲሁ ቆየ። እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጡ፤ ዛሬ ‹‹ወርቃማው ዘመን›› የምንለው አብዛኛው ሙዚቃ በእርሳቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ጥቂት አሳታሚዎች እጅ የተረፈ ነው። ሆኖም ያም በር የተከፈተው ለታወቁ ድምፃውያንና ለታወቁ ባንዶች ነበር። በቤቷ ፒያኖ የምትጫወተዋ ሴት፣ በጾም በገና የሚደረድረው ሽማግሌ በዚያ በር አይገቡም።

* * *

እዚህ ላይ አንባቢ ‹‹ለመሆኑ በየቤቱ ምን ያህል ሙዚቃ ነበር?›› ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት የምናፍርበትን ነገር መንካት ያስፈልጋል።

‹‹አዝማሪ›› የሚለው ቃል የመጣው ከግእዙ ‹‹ዘመረ›› ነው፤ አመስጋኝ፣ ዘማሪ ማለት ነው። ከዚህ የከበረ ሥር የበቀለ ስም ግን በአደባባይ የስድብ ያህል ተቆጠረ። ግብዣውን የሚያደምቀው አዝማሪ በግብዣው ማዕድ እኩል አይቀመጥም ነበር። የጨዋ ልጅ ለገንዘብ ሲዘፍን ከተገኘ ቤተሰቡ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ሙዚቃ የወደደ የጨዋ ልጅ ምን ያድርግ? ወደ ቤት ገባ።

ለዚህ የቤት ሙዚቃ ጥንታዊው ምስክር በገና ነው። 10 አውታሮች ያሉት ይህ መሣሪያ ለጭፈራ አልተሠራም። ከአውታሩና ከመቀመጫው መካከል የሚገባው ‹‹እንዝራ›› የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ያጎረናል፤ ዝቅ ያለ፣ የንብ ድምፅ የመሰለ ጉርምርምታ ያሰማል። መኳንንቱና ካህናቱ፣ ወይዛዝርቱም፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ በየቤታቸው ይደረድሩታል። አድማጩ ከአንድ እልፍኝ አይበልጥም። የበገና ደርዳሪ ሽልማት አይጠብቅም፤ የሚያዜመው ስለ ሞትና ስለ ንስሓ ነውና ጭብጨባም አይስማማውም። ክራርም ቢሆን ከአዝማሪው እጅ ውጭ በየወጣቱ ጎጆ ነበረ። ከከተሜነት ጋር ደግሞ ጊታር፣ አኮርዲዮንና ፒያኖ ተጨመሩ።

ይህ ሁሉ ግን አልተቀዳም። እፍረት ወደ ቤት ያስገባውን ሙዚቃ፣ ሸክላ ወደ ፋብሪካ የሄደው መሣሪያ ሊከተለው አልቻለም። እልፍኙ ሲፈርስ፣ ደርዳሪው ሲያልፍ፣ ድምፁም አብሮ አለፈ።

* * *

በ1963 የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ለሕዝብ አሳየ። ቦታው ከ55 ዓመት በፊት ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን የሰጡባት ያችው በርሊን ነበረች። በሎው ኦተንስ የሚመራ የመሐንዲሶች ቡድን የሠራት ይህች ሣጥን ካሴት ናት። በውስጧ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ክር በሁለት ጥቅሎች መካከል ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት ክር ቢዘረጋ ከ85 ሜትር በላይ ይሆናል። አንድ ገጽ 30 ደቂቃ፣ ሲያልቅ ይገለበጣል።

የካሴት ጥራት ከሸክላ ያነሰ ነበር፤ ሁልጊዜም የማይለየው እሽታ ነበረበት። ነገር ግን የጠፋውን መለሰች። ቴፑ ላይ ከማጫወቻው ቁልፍ አጠገብ ሌላ ቁልፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ምልክት ያለባት። ሁለቱን አንድ ላይ የጫነ ሰው መሣሪያውን ከአፍነት ወደ ጆሮነት ይመልሰዋል። ኤዲሰን የሰጠው፣ በርሊነር የወሰደው ችሎታ በርካሽ ዋጋ ወደ ቤት ተመለሰ። ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ካሴት እንኳ ከጀርባው ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በተጣጠፈ ወረቀት ከተደፈኑ እንደ ባዶ ካሴት እንደገና ይቀዳበታል። በዚያ ዘመን ያደገ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቃል፤ ክሩ ሲላላም በእስክሪብቶ ማጠንጠንን እንዲሁ።

ካሴት በአገራችን የተስፋፋበት ጊዜ ከ1974ቱ አብዮት ጋር ገጠመ። ይህ ግጥምጥሞሽ ለአማተሩ ሁለት ፊት ነበረው።

አንዱ ፊት አደባባይ ነበር። አዲሱ መንግሥት አማተሩን ፈለገው። በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው፣ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ‹‹አማተር›› የሚለው ቃል በአፋችን የተለመደው በአብዛኛው በዚያ ዘመን ነው። ትናንት ‹‹አዝማሪ ልትሆን ነው?›› ተብሎ ይገሠጽ የነበረ ልጅ ከበሮና ጊታር ተሰጠው። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች የየአካባቢያቸውን ዜማ ወደ መድረክ አመጡ፤ ከእነዚህ ቤቶችም ኋላ አገር ያወቃቸው ድምፃውያን ወጡ። ይህ በረከት መካድ የለበትም። ነገር ግን ቡድኑ የሚዘምረው ምን እንደሆነ የሚወሰነው ከላይ ነበር። አፍቃሪው ፍቅሩን ይዞ መጣ፤ የፍቅሩን ቃል ግን ሌላ ሰው ጻፈለት።

ሁለተኛው ፊት ቤት ነበር። ሰዓት እላፊ ከተማዪቱን በጊዜ ይቆልፋት ነበር። በሆቴል ክለቦች ባንዶቹ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወታሉ፤ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም። የተቀረው ሕዝብ ከመሸ በኋላ ከግድግዳው ጋር ነው። በዚያ ረጅም ምሽት ቴፕ የቤት ባልንጀራ ሆነ። ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት ይገለበጣል፤ የቅጂ ቅጂ እየተባለ እሽታው ከዜማው ሊበልጥ እስኪደርስ። ወደ ባሕር ማዶ የተሰደደ ልጅ ካለም ደብዳቤው በካሴት ይሄዳል፤ የእናት ምርቃትና ልቅሶ በአንድ ገጽ፣ የዘመድ አዝማድ ሰላምታ በሌላው። እናም በአንዳንድ ቤት ሰው ቁልፎቹን ተጭኖ የራሱን ዜማ ተጫወተ።

* * *

ከእነዚህ ቤቶች ስለ አንዱ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። በሕፃንነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ወደ ጣልያኗ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድል በተዘጋ ጊዜ ከዓለም ርቀው መነኑ፤ በግሸን ማርያምም 10 ዓመት ያህል ቆዩ። በ1967 የፒያኖ ድርሰቶቻቸው ጀርመን አገር በሸክላ ታተሙ፤ ገቢው ለችግረኛ ልጆች ነበር። የጨዋ ልጅ፣ መነኩሲት፣ ለገንዘብ የማይጫወቱ፦ በዚህ ሁሉ ልክ በጥንታዊ ትርጉሙ አማተር ነበሩ። ጥበባቸው የላቀ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ አማተርነት የችሎታ ሳይሆን የምክንያት ጉዳይ ነውና።

ዓለም እማሆይን ያወቃቸው በ2006 ድርሰቶቻቸው በ‹‹ኢትዮጲክስ›› ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆነው ከወጡ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ፒያኖ ብቻ ነበር፤ ቃል የለበትም። በ2024 ግን፣ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ካረፉ ወዲህ፣ ሌላ ስብስብ ወጣ፤ በዚህኛው እማሆይ ራሳቸው በአማርኛ ያዜማሉ። እነዚህ ዜማዎች የተቀዱት ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ በተራ ቴፕ ላይ ነው። ስቱዲዮ የለም፤ መሐንዲስ የለም፤ ሴትዮዋ፣ ፒያኖው፣ ቴፑ ብቻ። በመስኮቱ ማዶ የወፎች ድምፅ ይሰማል። የፒያኖው መቀመጫ ሲንቋቋ ይሰማል። ጣታቸው የመቅጃውን ቁልፍ ሲጫን እንኳ ‹‹ጠቅ›› ሲል ይሰማል።

ዜማዎቹ ስለ አገር ናቸው፤ ስለ ደመናና ስለ ሰማይ፣ ስለ ተለየ ወዳጅና ስለ ስደት። የተቀዱበትን ዘመን እናስብ። በአደባባይ የኪነት ቡድኑ የታዘዘውን ይዘምራል፤ ራዲዮው ሌት ተቀን ስለ ድል ያወራል። በብዙ ቤት ልጅ ሞቷል፤ በብዙ ቤት ልጅ ተሰዷል፤ እንደ ልብ ማልቀስም አይቻልም ነበር። የዘመኑን ኀዘን ከመንግሥት የሙዚቃ ክምችት የሚፈልግ ሰው መዝሙሩን ያገኛል እንጂ ኀዘኑን አያገኝም። ኀዘኑ የተቀዳው በቤት ነው። አንዲት መነኩሲት ለማንም ያላሰማችው ዜማ ከ40 ዓመት በኋላ የዘመኑ እውነተኛ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

ይህን ያደረገው ምንድን ነው? ካሴቱ አይደለም ብቻውን፤ ካሴት በሌላም ብዙ ቤት ነበረ። እማሆይ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ድምፃቸው አልጠፋም፤ ተጠብቆ ቆየ። ንግሥት ቪክቶሪያ እንዲጠፋ ካዘዙት ሲሊንደር ጋር ሲነጻጸር ይህ ዝምታ የተሞላ ጥበቃ ምን ያህል ክብር እንዳለው ይገባናል።

* * *

ስደት ራሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት የቤት ሙዚቃ ወለደ። የዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ የኦርጋኑ ሰው ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ እንደ ሌሎቹ ባንዶች ሁሉ ሥራቸው የተቀዳው በሚጫወቱበት አዳራሽ ነው፤ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት ‹‹ወደ ሐረር ጉዞ›› የተቀረጸው በግዮን ሆቴል ክለብ ነበር። ዋሽንግተን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

በ1985 ኃይሉ በአንዲት ትንሽ የመቅረጫ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሮድስ ፒያኖ፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ኪቦርድና ከሁሉም በላይ አኮርዲዮን ነበራቸው፤ ያም በወጣትነታቸው የተጫወቱትና በኋላ ፋሽኑ ያለፈበት መሣሪያ። አንዱን ድምፅ ቀድተው በላዩ ሌላውን እየደረቡ ባንዱን ሁሉ ራሳቸው ሆኑ። ጓደኞች በተበተኑበት አገር፣ አንድ ሰው በትዝታው የቀሩትን ወንበሮች ሁሉ ተራ በተራ ተቀመጠባቸው። ሥራው በካሴት ወጣ፤ ጊዜም አለፈ። ኃይሉ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ይዘው በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ይለማመዱ ነበር። አድማጭ የለም፤ ክፍያ የለም፤ የሚለማመዱበትም መድረክ አልነበረም። በሙያው እንጀራ የበላ ሰው በስደት ወደ አፍቃሪነት ተመለሰ።

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ሥራውን ዳግም አሳተመው። ኃይሉ መርጊያም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 ‹‹ላላ በሉ›› የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። ዋሽንግተን ላይ ብቻውን የተቀዳ ድምፅ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው፣ ስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። ስንቱ ካሴት ግን ሳይገኝ ቀርቷል?

* * *

የካሴት ክር ዘላለማዊ አይደለም። ድምፁን የያዘው በፕላስቲክ ክር ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ዝገት ዱቄት ነው። ማጣበቂያው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሲቆይ ይሟሟል፤ ዱቄቱ ይረግፋል። ክሩ በጥቅሉ ላይ ለረጅም ዓመት ሳይነካ ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ ወደሚቀጥለው ዙር ይጋባል፤ ያኔ ቃሉ ከመነገሩ በፊት ጥላው ይሰማል። ሙቀት ያጣምመዋል፤ አቧራ ያፍነዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ነው፤ ‹‹ይህ አሮጌ ነገር›› ብሎ የሚጥል፣ ወይም ከአያቱ ድምፅ ላይ የዘመኑን ዘፈን የሚቀዳበት።

ዛሬ ቴፕ የማያስፈልገው ዘመን ላይ ነን። በየኪሱ ያለ ስልክ ይቀዳል፤ በየመኝታ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ወጣት ብቻውን ባንድ ይሆናል፤ ኃይሉ መርጊያ በብዙ መሣሪያ ያደረጉት በአንድ ገበታ ይደረጋል። የአፍቃሪው እጅ እንስራ አላጣም። ይሁን እንጂ መቅዳት የቀለለውን ያህል ማስቀመጥ አልቀለለም። ስልኩ ሲሰበር የሚጠፋው ከአንድ ካሴት ይበልጣል። የጥያቄያችን ሁለተኛ ክፍል፣ እንስራው በማን እጅ ነው የሚለው፣ ዛሬም አልተመለሰም።

እስከዚያው ግን የትናንቱ በየሣጥኑ አለ። ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ‹‹አባባ፣ በገና›› ወይም ‹‹የትንሣኤ ለት›› የሚል ካሴት በብዙ ቤት ይገኛል። የሚጠበቅብን ሥራ ትንሽ ነው፤ የሚጫወት ቴፕ ማግኘት፣ ድምፁን አንድ ጊዜ ወደ አዲስ መዝገብ መገልበጥ፣ ማን እንደተጫወተና መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳለ ጠይቆ መጻፍ። ደጋግሞ ማጫወት አያስፈልግም፤ የተዳከመ ክር በእያንዳንዱ ዙር ከዱቄቱ ጥቂት ይጥላል።

ያን ጊዜ ከዜማው በፊት የሚመጣውንም መቁረጥ አይገባም፤ የወንበሩን ሲንቋቋ፣ የጉሮሮውን ጥረጋ፣ በመስኮቱ ማዶ የሚጮኸውን ወፍ። ባለሙያ ድምፅ አስተካካይ ይህን ‹‹ረብሻ›› ብሎ ያጸዳዋል። ለታሪክ ግን ምንጩን የሚያሳየው እርሱ ነው። ከሁሉም ይልቅ ያችን የጣት ‹‹ጠቅታ›› እንጠብቃት። አንድ ሰው፣ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ‹‹ይህ መቅረት የለበትም›› ብሎ የወሰነባት ቅጽበት ናት።